ፈረንጁ ሲስቅ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

መቼም እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ የማይለቀን አመል አለን። ስለገዛ አገራችን የአገራችን ሰው ሲነግረን «አንተ ደግሞ ማን ነግሮህ?» እንላለን። ያንኑ ነገር ፈረንጅ ጽፎት ስናገኘው ግን «በመጽሐፍ ወጥቷል እኮ!» ብለን ክርክሩን እንዘጋለን። የዚህ አመል ግልባጭም አለ። ፈረንጁ የጻፈው ካላስደሰተን «ዘረኛ ነው፣ ቅኝ ገዥ ነው» ብለን ሳንገልጠው እንወረውረዋለን። ሁለቱም ከማንበብ የመሸሽ ዘዴ ናቸው።

ይህን ያስባለኝ ኤቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ስለ አገራችን የጻፈው አስቂኝ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ሰውዬው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ሊዘግብ አዲስ አበባ መጣ። ያየውንና የሰማውን በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ «ሪሞት ፒፕል» ብሎ አሳተመው። በኛ ቋንቋ «የሩቅ ሰዎች» ብንለው ያስኬዳል። መጽሐፉ ከኢትዮጵያ ተነስቶ ኤደንን፣ ዛንዚባርን፣ ኬንያንና ኮንጎን ያካልላል፤ ስሙን ያቆየለት ግን የኛው ክፍል ነው። ስለዚያ በዓል የሚጽፍ ፈረንጅ ዛሬም ከዚህ መጽሐፍ አንድ ሁለት ቀልድ መቆንጠር ይወዳል። የኛም ሰዎች ይጠቅሱታል፤ ገሚሱ ንጉሡን ለመስደብ፣ ገሚሱ ፈረንጅን ለመስደብ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። ይህ መጽሐፍ ይታመናል ወይስ አይታመንም? አንባቢን ሳላንከራትት መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ቀልደኛ መንገደኛ ቀልዱ ራሱን ወይም የገዛ ወገኑን ሲያስከፍል ይታመናል። መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው ሲያስከፍል ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ምስክር ይጠራበት። የኤቭሊን ዎ መጽሐፍ በዚህ ሚዛን ሲቀመጥ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ገለባ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ሰውዬው ማነው?

ዎ ያን ጊዜ የ27 ዓመት ጎረምሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1930 ባወጣቸው ሁለት አስቂኝ ልብ ወለዶች የለንደንን ቅንጡ ወጣቶች መሳቂያ አድርጎ ስም አውጥቷል። ትዳሩ ፈርሷል። ወደኛ ከመምጣቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ደግሞ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሏል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ በኪሱ ይያዛት፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ስለ ኢትዮጵያ ምን ያውቅ ነበር? ምንም! ይህንንም ራሱ አይደብቀውም። ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት በፊት አየርላንድ ውስጥ እንግድነት ተቀምጦ ሳለ ነው የራስ ተፈሪን ነገር ከወዳጆቹ ጋር መጽሐፍ እያገላበጠ የተማረው። ከዚያ የለንደን ጋዜጦችን አነጋግሮ ጋዜጠኛ ሆነና ከማርሴይ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። አማርኛ አይሰማም። ግዕዝማ ጭራሽ! የሚያገኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዲፕሎማቶች፣ ጋዜጠኞች፣ የሆቴል ባለቤቶችና አስተርጓሚዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ማየት ይችላል? በዓይን የሚታየውን ሁሉ። ምን መስማት ይችላል? እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው የነገረውን ብቻ። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ የመጽሐፉን ቁልፍ ያዘ።

ሳይስቅ የሚያስቅ

ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልበል። ሰውዬው መጻፍ ይችላል፤ ይህንን የሚክድ ካለ መጽሐፉን አላነበበም። ቀልዱ ጩኸት የለውም። ፊቱን ሳይፈታ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ልክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን እንደሚሰጥ ምስክር ነገሩን በአጭር በአጭሩ ይደረድራል። ይህን አለ፣ ያን አደረገ፣ ከዚያ ዝናብ መጣ ይላል። ሳቁን አንባቢው ራሱ ያመጣዋል። አዲስ አበባን ራሷን የሚያመሳስላት «አሊስ ኢን ዎንደርላንድ» ከተባለው የልጆች ተረት ዓለም ጋር ነው፤ ሁሉም ነገር እውነት የሆነበት፣ ግን ምኑም ከምኑ የማይገጥምበት።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ባለጌ ቀልድ ራሱን ያጋልጣል። ይኼኛው ግን የምስክር ቃል ይመስላል። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የሰው ስም አለው። እኛ አገር አለቃ ገብረ ሐና ስንት አስቀውናል! ግን የአለቃን ቀልድ ይዞ ችሎት የቆመ፣ «ታሪክ እንዲህ ነበር» ብሎ የተከራከረ ማንም የለም። ቀልዱ ቀልድ መሆኑን ተናጋሪውም፣ ሰሚውም፣ የተቀለደበትም ያውቁታል። ከዚያም በላይ አለቃ የሚቀልዱበት ሰው አማርኛ ያውቃል፤ ብልህ ከሆነ ይመልስላቸዋል፣ ጌታ ከሆነ ይቆጣቸዋል። የዎ መነኩሴ ግን በእንግሊዝኛ ታትሞ ለንደን ውስጥ እንደተሳቀበት ሳያውቅ ነው የሞተው።

የሚታመንበት

አሁን ወርቁን እንመዝን። በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚታመነው ክፍል ስለ ጋዜጠኞቹ የጻፈው ነው። የዘውዱ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሊውል፣ ዜናውን ቀድመው ለማድረስ የሚሽቀዳደሙት የውጭ ጋዜጦች የሥርዓቱን መግለጫ ገና ሳይፈጸም ያዘጋጁት እንደነበር ይነግረናል። ንጉሡ ጥንታዊና ጨለምለም ባለ ትልቅ ካቴድራል ውስጥ ዘውድ ሲደፉ እነዚያ ዘጋቢዎች በምናባቸው አይተዋል። እውነቱ ግን ሥርዓቱ የተፈጸመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ዳስ መሰል አዳራሽ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ነው። ዎ ይህንን ሲያጋልጥ የሚያስከፍለው ማንን ነው? የገዛ የሙያ ባልደረቦቹን። እሱ ራሱ ጋዜጠኛ ተብሎ ነው የመጣው። ስለዚህ አምነዋለሁ።

ሁለተኛ፣ መንገድ ዳር የነበሩት የድሆች ጎጆዎች ከእንግዶች ዓይን እንዲሰወሩ በአጥር መከለላቸውን ጽፏል። የእንግሊዙ መስፍን፣ የጣሊያኑ ልዑል፣ የፈረንሳዩ ማርሻል በሚያልፉበት ጎዳና ድህነት እንዳይታይ! ወገን፣ ለዚህስ ምስክር ያሻዋል እንዴ? ትልቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆርቆሮ ሲተከል ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ዘውድ ወርዶ ቀይ ኮከብ መጣ፣ ቀይ ኮከብ ወርዶ ሌላው መጣ፣ የአጥሩ ብልሃት ግን አንድም ቀን ሥልጣን አልለቀቀም። ድህነትን ማጥፋት ያቃተው ሁሉ ድሀውን ይጋርደዋል። ይህችን የዎን ምስክርነት «የጠላት ወሬ» ብሎ የሚጥላት የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ካለ አጥሩን ከተከሉት አንዱ ነው።

ሦስተኛው የሐረር ጉዞው ነው። ከበዓሉ በኋላ ሐረር ወርዶ ሞንሴኞር ዣሮሶን አገኘ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ፈረንሳዊ ጳጳስ ናቸው። የጠየቃቸው በሐረር ነጋዴ ሆኖ ይኖር ስለነበረው ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ነው። ዎ የጠበቀው የሚያስቅ፣ ወይም የሚያስነውር ወሬ ነበር። ሽማግሌው የመለሱለት ግን ራምቦ ቁም ነገረኛና ሐዘንተኛ ሰው እንደነበር፣ ተራ ኑሮ ይኖር እንደነበር፣ ከአንዲት ያገር ሴት ጋር ይኖር እንደነበር ነው። ቀልደኛው አፈረ። ያልጠበቀውንና ለቀልድ የማይመቸውን መልስ ግን እንዳለ ጻፈው። ሊያጣፍጠው ይችል ነበር፤ አላጣፈጠውም። ቀልደኛ ቀልዱን ትቶ የሰማውን ሲጽፍ፣ ያን ጊዜ ጆሮ እንስጠው።

አራተኛ፣ በራሱ ላይ ይቀልዳል። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ለለንደኑ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ተመልሶ ነበር። በነሐሴ ወር ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ የአገሪቱን ግማሽ የሚያህል መሬት ነዳጅ ሊፈልግበት ለ75 ዓመት ተዋዋለ፤ ይህ የዓመቱ ትልቅ ዜና ሲፈነዳ ዎ ጅጅጋ ነበር። ዜናው አመለጠው። ሪኬት ደግሞ በመጣበት መርከብ ላይ አብሮት የተጓዘ ሰው ነው! ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌሎች እንዳያነቡበት ብሎ ሚስጥራዊ ወሬ በላቲን ቋንቋ ቴሌግራም ላከ፤ የገዛ አዘጋጆቹ የላቲኑን ነገር ሳይረዱት ዜናው ባከነ። ይህ ሁሉ «ስኩፕ» ለተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ለታተመው ልብ ወለዱ እርሾ ሆነው። በራሱ የሚስቅ ሰው ቢያንስ ለዚያ ገጽ ያህል ሐቀኛ ነው።

የማይታመንበት

አሁን ወደ ገለባው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው የዘውዱ ሥርዓት ትረካ ነው። አንድ አሜሪካዊ ምሁር፣ «ፕሮፌሰር ደብልዩ» እያለ የሚጠራው፣ አጠገቡ ተቀምጧል። ሰውዬው የቢዛንታይን ሥነ ጥበብ አዋቂው ቶማስ ዊትሞር ነው፤ ከዚህ በኋላ ኢስታንቡል ሄዶ የአያ ሶፍያን የጥንት ሥዕሎች ከተለሰኑበት ያወጣ ትልቅ ሰው። ፕሮፌሰሩ ጸሎቱን ልተርጉም ይላል። አሁን ቅዳሴው ተጀመረ ይላል፤ ቆየት ብሎ አይ ተሳስቻለሁ፣ ያለፈው ሌላ ነበር ይላል፤ ደግሞ ያርማል፤ ደግሞ ይሳሳታል። ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ዜማው አያልቅም፣ ዲፕሎማቶቹ በጠባብ ዩኒፎርማቸው ውስጥ ይቁነጠነጣሉ።

ኧረ ያስቃል! ፕሮፌሰሩ ላይ ከሆነ የተሳቀው ይሳቅ። ነገር ግን እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። አንባቢው ከዚህ ትረካ ይዞት የሚወጣው ምንድነው? ሥርዓቱ ራሱ መያዣ መጨበጫ የሌለው፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይለይ ትርምስ ነው የሚል ስሜት። እውነቱ ደግሞ ሌላ ነው። ሥርዓተ ቅዳሴው የት አልቆ ፍሬ ቅዳሴው የት እንደሚጀምር፣ ከ14ቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደተቀደሰ፣ በዚያች ከተማ አንድ የአሥር ዓመት ዲያቆን ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥና በውጭ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሥርዓቱን ተራ በተራ ይከተል ነበር። ያልገባቸው ፈረንጆቹ ብቻ ናቸው። ዎ አልዋሸም፤ የጻፈው ሁሉ ሳይሆን አይቀርም። ግን የራሱን አለማወቅ የነገሩ ጉድለት አስመሰለው። ቀልደኛ መንገደኛ እውነትን የሚያጣምምበት ዋናው መንገድ ይኼ ነው። «አልገባኝም» ማለት ሲገባው «ትርጉም የለውም» ብሎ ያልፋል።

ከዚያ የደብረ ሊባኖስ ጉዞ ይመጣል። ከፕሮፌሰሩ ጋር በመኪና ወረዱ። መነኮሳቱ ተቀብለው አሳደሯቸው። የቀረበላቸው እንጀራ፣ ጠላና ማር ነው፤ ማሩ ከነሰፈፉ፣ ከነእንጉልቱ፣ የሞቱ ንቦችም ያሉበት። ዎ ይህንን ሲያወራ የለንደን አንባቢው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ቁንጫውም አለ፣ ጎጆውም አለ።

እኔ ደግሞ ገጹን ከወዲህኛው በኩል አነበብኩት። ለመሆኑ ማር ከነሰፈፉ ለማን ነው የሚቀርበው? ለክቡር እንግዳ አይደለም እንዴ? ያልተነካ፣ ያልተጣራ፣ ውሃ ያልገባበት መሆኑን በዓይኑ አይቶ እንዲያምን እኮ ነው! እነዚያ መነኮሳት ሳይታሰብ የመጣባቸውን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ያላቸውን ከሁሉ የበለጠ ነገር አቀረቡለት። ሊበላ አልቻለም፤ ይህ መብቱ ነው። መጽሐፉ ግን ማሩን እንደ ቆሻሻ ብቻ መዘገበው። «ለምን ይህን ሰጡኝ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ቀልዱ ይፈርስ ነበር፤ ስለዚህ አልጠየቀም። ቀልደኛ የማይጠይቀው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው የሚቀረው፤ መልሱ ሳቁን ስለሚያበላሽበት።

እዚያው ደብረ ሊባኖስ ላይ ስለ ሃይማኖት የጻፈው ደግሞ በኪሳችን የያዝናትን ነገር እንድናወጣ ያስገድደናል። መቅደሱ በመጋረጃ መሰወሩን፣ ተራው ምዕመን የማይገባበት መሆኑን አይቶ፣ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢሯን በግልጽ መሠዊያ ላይ፣ ሁሉ በሚያይበት የምታቀርብ መሆኗ ምን ያህል እንደሚበልጥ የተገለጠለት እዚያ እንደሆነ ይናገራል። ማነው የሚናገረው? ካቶሊክ ከሆነ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው! አዲስ ሙሽራ የራሱን ሚስት ከሌላው ሚስት ጋር ሲያወዳድር ምን ፍርድ ይጠበቅበታል? ስሜቱ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ አጻጻፉም በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያማረ ነው። ግን ስለ ዎ ነፍስ ይነግረናል እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አይነግረንም።

ሌላው ምስክር

ዕድሉ ሆኖ በዚያው በዓል ላይ ሌላ እንግሊዛዊ ነበር፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። አዲስ አበባ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደ፣ አባቱ በልጅ ኢያሱ መውረድ ጊዜ የራስ ተፈሪን ሕፃን ልጅ በሌጋሲዮኑ ያስጠለሉ፣ ለዚህም ውለታ ንጉሠ ነገሥቱ በስሙ የጋበዙት የ20 ዓመት ወጣት። ያንኑ ዳስ፣ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ሰልፍ አየ። ዎ ተረት ያየበት ላይ እሱ ግርማ ሞገስ አየ። ዎ ያንን ታላቅ ቀን ማፌዣ ማድረጉን ይቅር አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም፣ ከ57 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ የሰውዬውን ሰፊ ሱሪና ግራጫ ጫማ ሳይቀር በጥላቻ ያስታውሳል። ዎ በአፋር በረሃ ጉዞው አብሮት ሊሄድ ቢጠይቅ እምቢ ማለቱን፣ ሄደው ቢሆን ኖሮ ከሁለት አንዳቸው ብቻ ይመለሱ እንደነበር ሳይቀልድ ጽፏል።

ታዲያ ቴሲጀርን እንመን? ቀስ ነው! ቴሲጀር አፍቃሪ ነው። የወደደው የጥንቱን፣ የጦረኛውን፣ የፈረሰኛውን ኢትዮጵያ ነው። አፍቃሪ ደግሞ አጥሩንና ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ድሀ የማየት ዓይኑ ደካማ ነው። ዎ የናቀውን ቴሲጀር አከበረ፤ ዎ ያየውን አጥር ግን ከአፍቃሪ አትጠብቁ። ሁለት ምስክር ሲለያይ አንዱን መርጦ ሌላውን ማሰናበት የሰነፍ ዳኛ ሥራ ነው። ዳኛ ከሁለቱም የሚገጥመውን ይዞ፣ የማይገጥመው ላይ ሦስተኛ ይጠራል። ሦስተኛው ምስክር የአገሩ ሰው ነው። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ን ጽፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ን ትተዋል። እነዚህ ደግሞ በበኩላቸው የቤተ መንግሥት ብዕሮች ናቸው፤ ሥርዓቱን ያውቁታል፣ ቁንጫውን ግን አይጽፉትም። ከአጥሩ ጀርባ የነበረው ሰው የጻፈው መጽሐፍ ግን የታለ? ይህ ነው ትልቁ ባዶ ገጽ።

ሳቁ ሲያልቅ

«ኧረ ቀልድ ነው፣ ለምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ቀልዱ የት እንዳደረሰ እንከተለው።

የዘውዱ በዓል ባለፈ በአምስት ዓመቱ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያቀረበው ክስ «ኢትዮጵያ መንግሥት ለመባል የማትበቃ አረመኔ አገር ናት» የሚል ነበር። ወረራውን ዎ አመጣው አልልም፤ የቀልድ መጽሐፍ ታንክ አይነዳም። ግን ቀልደኛው የትኛው ወገን ቆመ? እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ሳይነሳ፣ ጣሊያንን ደግፎ በለንደን ጋዜጣ ጻፈ። በነሐሴ 1936 አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ግራዚያኒን አነጋገረው፣ በጎም አወራለት። በዚያው ዓመት ባወጣው «ዎ ኢን አቢሲኒያ» በተባለው መጽሐፉ (ስሙ በእንግሊዝኛ «ጦርነት በአቢሲኒያ» ከሚለው ጋር እንዲመሳሰል የተቀለደበት ነው) የመጨረሻው ምዕራፍ «መንገዱ» ይባላል። ጣሊያን የሚሠራውን መንገድ እያወደሰ፣ የጥንት ሮማውያን ሥልጣኔ መጣላችሁ ይለናል። ልብ በሉ፣ እዚህ ምዕራፍ ላይ አንድም ቀልድ የለም። በመነኩሴው ማር ሲስቅ የነበረው ሰው በወራሪው መንገድ ላይ ሲደርስ ፊቱ ኮስተር አለ። የአንድን ቀልደኛ እምነት ማወቅ ከፈለጋችሁ መሳቅ የሚያቆምበትን ቦታ ፈልጉ።

መጽሐፉ በወጣ በአራት ወሩ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በደም ታጠበች። በግንቦት ወር ያው በጎ የተወራለት ግራዚያኒ ያስተላለፈው ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት መረሸናቸውን ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፋቸው ቴሌግራሞች አስታውቋል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሟቾቹን ከ1,800 በላይ ያደርሳቸዋል። ከነዚያ መካከል ለዎ ማር ያቀረቡለት ይኖሩበት ይሆን? ስማቸውን አልጻፈማ! ስማቸውን ጠይቆ አያውቅማ!

ፍትሐዊ እንሁን። ሰውዬው ነቢይ አይደለም፤ ሲጽፍ ይህ እንደሚመጣ አላወቀም። እኔ የምከሰው በሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የጉዞ መጽሐፎቹን አሳጥሮ «ዌን ዘ ጎይንግ ዋዝ ጉድ» በሚል ርእስ በአንድ ጥራዝ ሲያወጣ የ1923ቱን የዘውድ በዓል አስገባ፣ የ1935ቱን የጋዜጠኞች ቀልድ አስገባ፣ ወራሪውን ያወደሰበትን የ1936ቱን ምዕራፍ ግን አስቀረው። ሳቁ ቀረ፣ ሂሳቡ ተቀደደ። ስለዚህ መጽሐፍ ተአማኒነት የሚጠይቅ ሰው ይህን የአርትኦት ሥራ ሳይመለከት ፍርድ አይስጥ። ምስክር የሚመዘነው በተናገረው ብቻ አይደለም፤ ካሳተመ በኋላ በሰረዘውም ነው።

እኛስ?

ነገሩን ወደኛ ሳላመጣው ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። የዎን ዓይነት መጽሐፍ አንበሳ ያደረገው የእንግሊዝ አንባቢ ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን። መንግሥት ያሞገሰውን ፈረንጅ በመንግሥት ሚዲያ ደጋግሞ ያሰማናል፤ የነቀፈውን ደግሞ «አገራችንን የማያውቅ» ይለዋል። ተቃዋሚውም (የኛን ሠፈር ማለቴ ነው) ያው ነው፤ የነቀፈውን ፈረንጅ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ያድላል፣ ያሞገሰውን «የተገዛ» ይለዋል። ፈረንጁ አማርኛ ይሰማል ወይ? ስንት ቀን ቆየ? ማንን አነጋገረ? ብሎ የሚጠይቅ ከሁለቱም ሠፈር ጠፋ። ምስክሩን ሳይሆን ፍርዱን ብቻ ነው የምንወደው።

የጉዞ ማስታወሻ መጻፍ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከዚያ በዓል በኋላ ጃፓን ደርሰው መጥተው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ን አሳትመዋል። ዎ ኢትዮጵያን እንደ ተረት ሲያይ እሳቸው ጃፓንን እንደ ትምህርት ቤት ነው ያዩዋት። እሳቸው አይሳለቁም፤ እንዲያውም ምስጋናው ይበዛል፤ ምስጋናም እንደ ፌዝ ሁሉ ዓይን ይጋርዳል። ቢሆንም ቋንቋውን የማያውቁትን ሕዝብ ሲጽፉ የከፈሉት ክብር ግን ዎ አዲስ አበባ ላይ ሊከፍለው ያልፈለገው ነው። እኝህ ሰው የወረራው ጊዜ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ነው ያረፉት። የለንደንን ሰካራም፣ የባዝን ብርድ፣ የጄኔቫን ውሸታም በቀልድ ጽፎ የሚያስቀን ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚያ ዘመን ቢኖረን ኖሮ ሚዛኑ ትንሽ ቀና ይል ነበር።

እንዳታጠፉብኝ፤ «ሪሞት ፒፕል» ን አታንብቡት አላልኩም። ያገኘ ያንብበው። የሚያስቀውን ይሳቅበት። ስለ ጋዜጠኞቹ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ሐረሩ ጳጳስ የጻፈውን እንደ ሰነድ ይያዘው። ስለ ቅዳሴውና ስለ መነኮሳቱ የጻፈውን ደግሞ እንደ አንድ ያልገባው ወጣት ደብዳቤ ያንብበው። አባቶች «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ያሉት ቀልድን ጠልተው አይደለም፤ ማን ቤት እንደሚፈርስ ስላዩ ነው። ስለዚህ ሳቁ ሲደምቅ ጠረጴዛውን ዞር ብላችሁ ቃኙ። ሂሳቡ የቀረበው ለሳቀው ሰው ነው ወይስ ማሩን ላመጣው?

ቸር ይግጠመን።